ፋብሪካው መጣ፤ ባለ እጁስ?

የቡሬው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲመረቅ የገጠሩ ወጣት በደጁ ሥራ ያገኛል ተብሎ ተስፋ ተደርጓል። እኛም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ከመራዊ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ገጠር የመጣን ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አለን፤ የገበሬው ልጅ ፋብሪካ ሲገባ ምን ሊሆን ነው? ጆንያ ተሸካሚ ነው ወይስ መኪናውን የሚያዝ ባለሙያ?

ዛሬ የፋብሪካ መኪና በኮምፒዩተር ይታዘዛል። ያን ለመያዝ ሒሳብና ፊዚክስ ግድ ናቸው፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም። ቶርኖን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሥዕል ብቻ ያየ ተማሪ ብረት እንዴት እንደሚቆረጥ ከየት ይወቀው? በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ እኮ ተማሪውን ከመጽሐፉ ጋር ወርክሾፕም ያስገባው ነበር።

ሌላም ደንቃራ አለ። አገራችን ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ስትንቅ ኖራለች። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ንቀቱ ግን አልሞተም። ዛሬም ብዙ ወላጅ ጎበዙን ልጅ ለቢሮ ያጫል፤ ቴክኒክን ፈተና ለወደቀው ይተወዋል።

ስለዚህ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወርክሾፕ ይኑራቸው እንላለን። ፋብሪካዎችም ለክረምት ልምምድ በራቸውን ይክፈቱ። እኛም በዕረፍታችን ወደየወረዳችን ስንመለስ የቀሰምነውን ለታናናሾቻችን እናካፍል። የቆጋን ውሃ ጠልፎ በበጋ ስንዴ የሚያመርተው የመራዊ ገበሬ ልጁን ትምህርት ቤት የላከው ለተሸካሚነት አይደለም።