ምንጩ ያልታወቀ ሰንደል

«የተፈጥሮ ነውና አይጎዳም» የሚለው አባባል አሮማቴራፒ ወይም የመዓዛ ሕክምና የተሰኘው ንግድ ዋነኛ መከራከሪያ ሆኗል። ኮሶም የተፈጥሮ ነው፤ መጠኑን ስቶ የጠጣውን ግን ዐይን እስከ ማጥፋት፣ ሕይወትም እስከ መቅጠፍ ይደርሳል። በሰንደል ዘይት ጠርሙስ ላይ «ንጹሕና ተፈጥሯዊ» ተብሎ መጻፉም እንዲሁ ምንም አያረጋግጥም። መቅደም ያለበት ጥያቄ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው የየትኛው ዛፍ ዘይት ነው? የሚለው ነው።

የሰንደል መዓዛ መንፈስን ያሳርፋል ቢባል የሚከራከር የለም። በሽታ ይፈውሳል ሲባል ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዘይቱ በእንክብል ተሞልቶ ለጨብጥ ሕመምተኞች ይታዘዝ ነበር፤ ፔኒሲሊንን የመሰሉ መድኃኒቶች ሲመጡ ሐኪሞች ተዉት። ሐኪም የተወውን ነጋዴ መልሶ ሲያነሣው፣ ማስረጃ የማቅረቡ ዕዳ የነጋዴው ነው።

የደኅንነቱም ጉዳይ ከዛፉ ማንነት አይለይም። ሮበርት ቲስራንድና ሮድኒ ያንግ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው መጽሐፋቸው የሕንድ ሰንደል ዘይት ለቆዳ ሲውል ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራሉ፤ ቆዳን የሚያስቆጣበት ጊዜ አለና። ይህ ምክር የተሰጠው ለሕንዱ ዛፍ ነው። በዓለም አቀፉ መመዘኛ የዚያ ዛፍ ዘይት ከ41 እስከ 55 በመቶ አልፋ ሳንታሎል ሊኖረው ይገባል። በአማርኛ ቀረጥ የሚባለው የምሥራቅ አፍሪካ ሰንደል ግን ሌላ ዛፍ ነው፤ ሳንታሎሉም እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም ለሕንዱ ምትክና መቀላቀያ ሆኖ ሲሸጥ ኖሯል። የሚቀባውን የማያውቅ ሰው ልኩን ከወዴት ያገኘዋል?

የዚህ ማደናገር ዋጋ የሚከፈለው በገዢው ቆዳ ብቻ አይደለም። ዘይቱ በግንዱ እምብርትና በሥሩ ስለሚገኝ ቆራጮች ዛፉን ከነሥሩ ይነቅሉታል። ቀረጥ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚበቅሉ ዛፍ ነው፤ ዘይቷ ይበዛል በሚል ሴቷ ስትመረጥ ዘሩም አብሮ ይነቀላል። በሰሜን ኬንያ በሳምቡሩ የደረሰው ይኸው ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ ዘመን ቆረጣውን አገደች፤ በ2013 ደግሞ የኢትዮጵያ፣ የኬንያ፣ የኡጋንዳ፣ የታንዛኒያ፣ የሩዋንዳና የቡሩንዲ ዛፎች ሳይቲስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ገቡ። ከዚያ ወዲህ ያለ ፈቃድ ከአገር የወጣ እንጨት ኮንትሮባንድ ነው።

«ጥቂት ጠብታ ምን ታመጣለች?» የሚሉ አይጠፉም። ዛፉን ያስነቀለው ግን የእያንዳንዱ ጥቂት ጠብታ ድምር ነው። ስለዚህ ገዢ ሁሉ የዛፉን ስም፣ የበቀለበትን አገርና የመውጫ ፈቃዱን መጠየቅ ይገባዋል፤ መልስ የሌለው ሻጭም ዕቃውን ይዞ ይቅር። ወይባ የምትሞቅ እናት በጉድጓዱ ውስጥ የምታጨሰውን እንጨት በስሙ ታውቀዋለች። ጠርሙስ የሚሸጥ ነጋዴ ከእርሷ ያነሰ ሊያውቅ አይገባም።