የይፋት ቆላ አቀንጭራና የዶክትሬት ምርምር ዕድል

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ያለው የይፋት ቆላማ አካባቢ፣ ከማሾና ከሽንኩርት ጎን ለጎን ማሽላ በስፋት የሚመረትበት ነው። የቆላ ማሽላ አምራች ቀንደኛ ጠላት ደግሞ አቀንጭራ ነው። ይህ ጥገኛ አረም ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጣል። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። አረሙ ከመሬት በላይ ብቅ ሲል አብዛኛው ጉዳት ደርሶ ስለሚያበቃ፣ የገበሬው የአረማ ድካም ለዘንድሮው ሰብል እምብዛም አይተርፍም።

ዘሩ ከእንቅልፉ የሚነቃው የማሽላው ሥር ስትሪጎላክቶን የተሰኘ ንጥረ ነገር ወደ አፈር ሲለቅ ነው። በዘሩ ውስጥ ያለው ተቀባይ ፕሮቲን ንጥረ ነገሩን የሚለየው፣ ቁልፍ ከቀዳዳው ጋር እንደሚገጥም በቅርጹ ነው። ስትራክቸራል ባዮሎጂ የሚባለው የሳይንስ ዘርፍ የሚያጠናው ይህንኑ የፕሮቲኖች ቅርጽ ነው።

በአቀንጭራ ምርምር ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ከዓለማያ ተነስተው በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። እርሳቸው የተሳተፉበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ እንዳደረገው፣ ኤልጂኤስ1 የተባለው ዘረ መል የማይሠራበት ማሽላ የሚለቀው ስትሪጎላክቶን በአተሞች አቀማመጥ ከተለመደው ይለያል፤ የአቀንጭራውን ዘርም በደንብ አይቀሰቅስም። ይህን ያህል ጥቃቅን ልዩነት ሰብልን ከጥፋት ይታደጋል።

ጥያቄው ከአፍሪካ ማሳ የተነሳ ቢሆንም ጥናቱ በባሕር ማዶ ላቦራቶሪዎች መከናወኑ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። የፕሮቲንን ቅርጽ ለማወቅ ፕሮቲኑን ወደ ክሪስታልነት ለውጦ በሲንክሮትሮን የኤክስሬይ ጨረር መመርመር የተለመደው መንገድ ሲሆን፣ በአፍሪካ ምድር ሲንክሮትሮን የለም። በጎረቤት መካከለኛው ምሥራቅ ሴሳሚ የተባለው ማዕከል በዮርዳኖስ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነበር።

ይሁንና ሁኔታው እየተለወጠ ነው። አልፋፎልድ የተሰኘው የኮምፒውተር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲኖችን የተተነበየ ቅርጽ በነፃ አቅርቧል፤ ፈጣሪዎቹም በ2024 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በሐረማያ ወይም በሰሜን ሸዋው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ እንግዲህ ሥራውን በኮምፒውተርና በኢንተርኔት መጀመር ይችላል። ትንበያው በላቦራቶሪ መረጋገጥ ስላለበት ግን፣ ጥቂት ወራትን ውጭ አገር፣ ቀሪውን ጊዜ በአገር ቤት የሚያሳልፍበት በሁለት ወገን አማካሪዎች የሚመራ ዶክትሬት የተሻለ አማራጭ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመሠረተው ባዮስትራክት አፍሪካ አፍሪካውያን ተመራማሪዎችን በዚሁ ዘርፍ ያሠለጥናል።

በአውሮፓና በአሜሪካ የሚገኘው የነፃ ትምህርት ዕድል የሚናቅ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ግን ርዕሱ በአስተናጋጁ ላቦራቶሪ የገንዘብ ድጋፍ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ተማሪው የራሱን አገር ጥያቄ ይዞ መሄድ የሚችለው፣ ዩኒቨርሲቲው ከመላኩ በፊት በርዕሱ ላይ ከተደራደረ ነው።

የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 አቀንጭራ ማሽላ በሌለበት እንዲበቅልና እንዲሞት የሚያደርግ፣ እጅግ በትንሽ መጠን የሚሠራ ውህድ አስተዋውቀዋል። እንዲህ ያለ ውህድ በይፋት አፈርና በይፋት ዝናብ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው፣ ፕሮቲኑንም ማሳውንም የሚያውቅ ተመራማሪ እዚያው ሲሞክረው ነው።