ቀለም የማይነካው ናሙና፦ ብርሃን ካንሰርን ሲለይ

ባዮፕሲ ሰጥቶ ውጤት የጠበቀ ሰው ያውቀዋል፤ ከሕመሙ በላይ ጥበቃው ያደክማል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልብ ድንግጥ ይላል። ግን ለምንድነው የሚቆየው?

ከሰውነት የተወሰደው ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፣ በሰም ይያዛል፣ በስሱ ይቆረጣል፣ ከዚያ በቀለም ይነከራል። ያልቀለመ ሕዋስ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በተለመደው ማይክሮስኮፕ በደንብ አይለይም። ፓቶሎጂስቱ የሚያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሁን ቀለሙን የሚያስቀር መንገድ አለ። ሥሩ የቆየ ነው፦ ህንዳዊው ሲ. ቪ. ራማን እ.ኤ.አ. በ1928 ብርሃን ሞለኪውል ነክቶ ሲበተን ጥቂቱ ቀለሙን እንደሚቀይር አሳየ፤ በ1930 ኖቤል ተሸለመበት። የዛሬው ማሽን ትኩሱ ናሙና ላይ ሁለት ሌዘር ያበራል። ስብና ፕሮቲን የሚንቀጠቀጡት በየራሳቸው ፍጥነት ስለሆነ፣ ከልዩነቱ የሕዋሱ ምስል ይወጣል። ናሙናውም ስለማይበላሽ በኋላ በተለመደው መንገድ ሊመረመር ይችላል።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2020 ኔቸር ሜዲስን ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት 278 የአንጎል ዕጢ ታካሚዎችን አይቷል። በቀዶ ሕክምና መሃል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚፈጀውን ምርመራ፣ ሌዘሩና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጋግዘው ከ150 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጨረሱት። ትክክለኛነቱ 94.6 በመቶ ነበር፤ በተለመደው መንገድ የሠሩት ፓቶሎጂስቶች ደግሞ 93.9 በመቶ አገኙ።

"በቃ፣ ሐኪም አያስፈልግም ማለት ነው?" እንዳትሉ። የጥናቱ ትልቁ ነገር ፍጥነቱ አይመስለኝም። ማሽኑ የተሳሳተባቸውና ሐኪሞቹ የተሳሳቱባቸው ናሙናዎች የተለያዩ ነበሩ። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ስህተት ይይዛል።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ናቸው፤ ያ ማሽን ግን የሠለጠነው በአንጎል ዕጢ ምስል ነው። ደግሞ እኛ ጋ ጊዜ የሚበላው ቀለሙ ብቻ አይደለም። ፓቶሎጂስቶቻችን ለሕዝቡ ብዛት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በብዛት ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ናቸው። ከገጠር የተላከ ናሙና መንገድ ላይ የሚያጠፋውን ቀን ሌዘር አያሳጥረውም።

ስለዚህ ማሽኑ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያዋጣም። ፓቶሎጂስት ማሠልጠን፣ የራሳችንን ታካሚዎች ናሙናና ምስል በሥርዓትና በፈቃድ ማስቀመጥ ዛሬ የሚጀመር ሥራ ነው። ያለዚያ ማሽኑ ሲመጣ የእኛን በሽታ አያውቀውም፣ የሚያርመውም ሰው አይኖርም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ይህ ሥራ የላቦራቶሪ ሌዘር እንጂ የስልክ ካሜራ አይደለም። "በስልክህ ካንሰርህን እወቅ" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት። እብጠት ካያችሁ ግን አትለፉ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ።