ስለ ድልድዩና በአጠገቡ ስለሚኖረው ነጋዴ

መንገድን ማስፋትና ከተማን ማሳመር በጎ ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን አዲሱ ሲሠራ አሮጌው እንዴት ይያዝ የሚለው ነገር በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል።

በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር፥ በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሶ በዚያ ይነግድ የነበረው ሕዝብ ሰፈሩን ለቋል። በዐድዋው ጀግና በራስ መኰንን ስም የሚጠራውም ድልድይ የሚገኘው በዚያው አካባቢ ነው።

በኢጣልያ አገር በፍሎሬንስ ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1345 የታነጸ፥ በላዩ ሱቆችን የተሸከመ ድልድይ አለ። በ1944 የጀርመን ጦር ሲሸሽ የከተማውን ሌሎች ድልድዮች ሰብሮ ይህን አንዱን ተወው፤ ነገር ግን መተላለፊያውን ለመዝጋት በግራና በቀኝ ጫፉ ያሉትን ቤቶች አፈረሰ። ድልድዩ ቆመ፥ ሰፈሩ ግን ፍርስራሽ ሆነ። እንግዲህ ድንጋዩን ብቻ ማዳን ድልድዩን ማዳን አይደለም።

ለቅርስ በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶለታል። በድልድይ አጠገብ ጫማ የሚሰፋው፥ ቡና የምታፈላው፥ ልብስ የሚጠግነው ግን ሀብቱ ቤት ሳይሆን ደንበኛው ነው፤ ወደ ሩቅ ስፍራ ሲዛወር ደንበኛው አይከተለውም።

ስለዚህ ሹማምንቱ ከማፍረስ አስቀድመው ነጋዴውን ይመዝግቡ፤ ሥራው እስኪፈጸም በቅርብ ቦታ ይስጡት፤ አዲሱ ሱቅ ሲያልቅም በሚችለው ኪራይ ቅድሚያ ለእርሱ ይሁን። ያለዚያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ይደርሳል።