መዋዕለ ሕፃናት በመስከረም

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፤ ትምህርት ቤቶችም ሲከፈቱ፤ በየቤቱ ስለ ልጆች የሚደረገው መሰናዶ ብዙ ነው። ልብሱ ይሰፋል፤ ጫማው ይገዛል፤ የምሳው ዕቃ በቀለሙ ይመረጣል። የ4 ዓመት ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መዋዕለ ሕፃናት የሚልክ ቤተ ሰብ ግን ከልብሱና ከጫማው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ሕፃኑ በዚያ ቤት ውስጥ ምን ሲያደርግ እንደሚውልና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚቀበለው ትምህርት ምን እንደ ሆነ ነው። ስለዚሁ ጉዳይ በዛሬው ገጻችን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ልንገልጥ አስበናል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ እንናገር። መዋዕል በግዕዝ ቀኖች፤ ዘመን ማለት ነውና መዋዕለ ሕፃናት ስንል የሕፃናት ዘመን ማለታችን ነው። ይህን ዓይነት ቤት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል የጀርመን ከተማ የከፈተው ፍሪድሪኽ ፍሮቤል ግን ከ3 ዓመት በኋላ የሕፃናት የአትክልት ስፍራ ብሎ ሰየመው። እርሱ የቦታውን ነገር አሰበ፤ የእኛው ስም የጊዜውን ነገር ያስባል፤ ለእኛስ የእኛው ይበልጥ የተስማማ ይመስለናል። የፍሮቤል ትምህርት በኳስና በእንጨት ቅርጽ መጫወት፤ መዘመርና አትክልት መኰትኰት ስለ ነበረ ማንንም የሚያስፈራ ነገር አልነበረበትም፤ ሆኖም የፕሩሲያ መንግሥት አምላክ የለሽነትንና ሶሻሊስትነትን ያስፋፋሉ ብሎ በመጠርጠር እነዚህን ቤቶች በ1851 ከለከለ። ክልከላው የተነሣው በ1860 ሲሆን፤ ፍሮቤል ግን ይህን ሳያይ በ1852 ዐርፎ ነበር። ኋላም በ1907 ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባሉት ኢጣልያዊት ሐኪም በሮማ ከተማ ሳን ሎሬንሶ በሚባለው የድኾች ሰፈር የሕፃናት ቤት ከፍተው፤ ልጆቹ ውኃ እንዲቀዱ፤ ወለል እንዲጠርጉ፤ የልብሳቸውን ቍልፍ ራሳቸው እንዲቈልፉ አደረጉ። ይህ የቍልፍ ነገር ትንሽ ቢመስልም ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

በአገራችን የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት ከ4 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ልጆች እንዲሆን ወስኖ ነበር። ለረጅም ጊዜ ግን ቤቶቹ የነበሩት በከተማ፤ ገንዘብ ለሚከፍል ሰው ነበረ፤ በ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ዜሮ ክፍል የሚባለው እየበዛ ሄዷል። ከዚህ በታች የምንጽፈው ለሁለቱም ወገን ይሆናል።

የመጀመሪያው ቀን የልቅሶ ቀን ነው። በበሩ ላይ የእናቱን ነጠላ ጨብጦ አልለቅም የሚል ሕፃን አሳዳጊው ያበላሸው አይደለም፤ የእርሱ የሆነውን ሰው ከሌላው ለይቶ ማወቁን የሚያስረዳ ምልክት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች ልጁ ወደ መጫወቻው ዘወር ሲል ሾልከው ይሄዳሉ። ይህን እንዳያደርጉ አጥብቀን እንመክራለን። ሕፃኑ ዘወር ብሎ ሲያጣቸው የሚማረው ነገር፤ ዐይኑን ከወላጁ ላይ ያነሣ እንደ ሆነ ወላጁ የሚጠፋ መሆኑን ነውና፤ በማግሥቱ አጨባበጡ ይብሳል። ይልቁንም ፊት ለፊት ስመው፤ ማን መጥቶ እንደሚወስደው ነግረው፤ ሳይዘገዩ መሄድ ይገባል። ስድስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ማለት ለ4 ዓመት ልጅ ምንም አይነግረውም፤ «ምሳህን ከበላህ፤ ተረትም ከሰማህ በኋላ እመጣለሁ» ቢሉት ግን ያውቀዋል።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በመጀመሪያው ሳምንት እየሣቀ የገባ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ማልቀስ ሊጀምር ይችላል። ቤተ ሰቡ አንድ ክፉ ነገር ደርሶበት ይሆን ብሎ ይደነግጣል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው። ልጁ እስከዚያ ቀን ድረስ ለጕብኝት የመጣ መስሎት ነበር፤ አሁን ግን ነገሩ የዘወትር መሆኑ ገባው። በእኛ አገር ደግሞ ልጆቹ ገና መልመድ ሲጀምሩ መስከረም 17 የመስቀል በዓል ይመጣል። ሕፃኑ ደመራውን አይቶ፤ ከዘመድ ጋር ሰንብቶ ሲመለስ ልቅሶው እንደ አዲስ ይነሣል። የለመዱት መምህራን ይህን ስለሚያውቁ ከበዓሉ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ቀን እንደ መክፈቻ ቀን አድርገው ይይዙታል፤ አዲስ ነገርም አያስተምሩበትም።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ሕፃኑ እንደ ገባ ቦርሳውን በመስቀያው ላይ ይሰቅላል፤ ገና ማንበብ ስለማይችል በመስቀያው ላይ ከስሙ ጋር የፍየል ወይም የፀሐይ ወይም የጀበና ሥዕል ተለጥፎለታል። ቀጥሎ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ይዘምራሉ፤ ስም ይጠራል፤ የቀረው ማን እንደ ሆነ ልጆቹ ይናገራሉ። ከዚያ ሥራ፤ ከሥራ በኋላ እጅ መታጠብ፤ መክሰስ፤ በሜዳ ጨዋታ፤ ተረት፤ ምሳ። ነገም እንዲሁ ነው፤ ከነገ በስቲያም እንዲሁ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ይህን ቢያየው ይሰለቸዋል፤ ሕፃኑ ግን ሰዓት ማንበብ የማይችል ስለ ሆነ የነገሮቹ ቅደም ተከተል ሰዓት ሆኖ ያገለግለዋል። እጅ ከታጠበ በኋላ መክሰስ እንዳለ ያወቀ ልጅ መቼ እበላለሁ እያለ አይጨነቅም። ቅደም ተከተሉ ሳይነገረው የተለወጠ እንደ ሆነ ግን፤ ትናንት ጸጥ ብሎ የዋለው ክፍል ሲታወክ ይታያል።

አንዳንድ አባቶች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ልጃቸው የተማረው መሰለፍን፤ የቧንቧ ውኃ መዝጋትንና ወንበር መመለስን ብቻ መሆኑን ሲሰሙ ገንዘባቸው በከንቱ የጠፋ ይመስላቸዋል። እስቲ ያስቡት፤ በአንድ ክፍል 30 ወይም 40 ሕፃናት ቢኖሩና እያንዳንዱ ጫማውን አሥሩልኝ ቢል፤ መምህርቲቱ ጧቱን ሁሉ ከወለል ላይ ሳይነሡ ይውላሉ። (በዛሬ ጊዜ ልጆቹ መምህርቲቱን «ሚስ» ወይም «ቲቸር» ማለት ለምደዋል፤ ይህን እንዴት እንደ ጀመሩት እንጃ፤ ስማቸውን ከአክብሮት ጋር ቢጠሩ ምን በከፋ።) ልጆቹ ራሳቸውን ሲችሉ ግን ያ ጊዜ ተረፈ ማለት ነው፤ መምህርቲቱም ከአንዱ ልጅ ጎን ተቀምጠው ንግግሩን ሊያዳምጡ ይችላሉ።

በዚህ ነገር በሠራተኛ ብዛት ያደጉ ልጆች ይቸገራሉ። ሞግዚቷ የምታለብሰው፤ ጫማውን የምታደርግለት፤ ፊቱን የምታጥበው ልጅ፤ በትምህርት ቤት ጫማውን በእጁ ይዞ የሚቀርበው ሰው እየጠበቀ ይቆማል። የድኻ ጎረቤቱ ልጅ በዚያ ሰዓት ለብሶ ወጥቶ ኳስ ይራገጣል። ጕርሻም እንዲሁ ነው። ጕርሻ የፍቅር ምልክት ስለ ሆነ ማንም አይነቅፈውም፤ ነገር ግን ዕለት ዕለት በሰው እጅ ብቻ የጐረሰ ልጅ የምሳውን ዕቃ ከፍቶ ዝም ብሎ ሲያየው ይውላል፤ ማታም ምሳው እንደ ተሰናዳ ይመለሳል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ክዳኑ ጠብቆ መክፈት የማይችለው ልጅ ነው። ስለዚህ እመቤቶች ሆይ፤ የምሳ ዕቃ ስትገዙ በቀለሙ ከመወሰናችሁ በፊት ልጁ ራሱ ሦስት ጊዜ ከፍቶ ይዝጋው። ሞግዚቷንም እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቁልፉን ራሱ እስኪቈልፍ እንድትታገሥ እዘዟት፤ በጧት ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በዚህም ምክንያት ቀደም ብሎ መነሣት ያስፈልጋል።

ስለ ፊደል ብዙ ሰው ይጠይቀናል። ልጁ ከሀ እስከ ፐ በዜማ ሲወርደው አባቱ ተደስቶ እንግዶቹን ይጠራል። ነገር ግን ከመካከል ጣቱን አኑሮ «ይህ ማን ነው?» ቢለው፤ ልጁ ከሀ ጀምሮ እየቈጠረ ካልመጣ መልስ አያገኝም። ያወቀው ዜማውን እንጂ ቅርጹን አይደለም። ይህን የቀድሞ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን በሚገባ ያውቁት ነበር፤ ስለዚህም ሀሁን ከጨረሱ በኋላ ቅደም ተከተሉን ለውጠው አ ቡ ጊ ዳ እያሉ ያስነብቡ ነበር፤ በቃል የያዘው ሁሉ እዚያ ላይ ይታወቃል። 33ቱን ፊደላት በ7ቱ ቅርጻቸው ብናባዛቸው 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ በመስከረም መጠየቅ አይገባም። የራሱን ስም የመጀመሪያ ፊደል በመስቀያው ላይ፤ በጽዋው ላይ፤ በመንገድም ላይ ባለ ጽሑፍ ውስጥ ለይቶ ያወቀ ልጅ ለዚህ ወር በቂ ሠርቷል።

በቍጥርም እንደዚሁ ነው። ሮሸል ጌልማንና ቻርልስ ጋሊስቴል የተባሉ ሊቃውንት በ1978 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፤ ቍጥርን መጥራትና ዕቃን መቍጠር ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ልጁ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስም ብቻ መስጠት፤ ስሞቹንም በአንድ ቅደም ተከተል መጥራት፤ በመጨረሻም የጠራው ስም የሁሉ ብዛት መሆኑን ማወቅ አለበት። በቤት መፈተኑ ቀላል ነው። 5 ቆርኪ ወይም 5 የዐደይ አበባ አሰልፋችሁ አስቈጥሩት፤ ጨርሶ ሲያበቃ «እንግዲህ ስንት ናቸው?» በሉት። እንደ ገና ከአንድ ጀምሮ የቈጠረ እንደ ሆነ ሦስተኛው ነገር ገና አልደረሰበትም ማለት ነው፤ ይህም ነውር አይደለም። ደግሞ አበቦቹን ራቅ ራቅ አድርጋችሁ ብታሰልፏቸው በዙ ይላችኋል። ዣን ፒያዤ የተባሉት የስዊስ ሊቅ ይህን በብዙ ልጆች ላይ አይተው ጽፈውታል፤ በቍጣ የሚታረም ሳይሆን በዕድሜና በጨዋታ የሚስተካከል ነገር ነው።

ከዚህ ቀጥለን የምንናገረው ስለ ደብተር ነው፤ በዚህ ረገድ ዝም ማለት አልቻልንም። በ4 ዓመት የእጅ አንጓ አጥንቶች ገና ሁሉም አልጠነከሩም፤ ከፊላቸው ለስላሳ ልም አጥንት ናቸው። ስለዚህ መልካም መምህራን ልጁን በመጀመሪያ ጭቃ ያስቦኩታል፤ በአሸዋ ላይ በጣቱ ያስጽፉታል፤ በሰፊ ወረቀት ላይ በወፍራም ቀለም ያስሥሉታል። የዚህ ሥራ ውጤት ግን በደብተር ሆኖ ወደ ቤት አይመጣም፤ አባቶችም ደብተሩ የታል እያሉ ያስጨንቃሉ፤ ትምህርት ቤቱም ገበያው እንዳይቀርበት ፈርቶ በሁለተኛው ሳምንት መስመር ያስይዛል። ከምናውቃቸው ቤቶች በአንዱ አባትዮው ትልቅ ሹመት ያላቸው ሰው፤ ልጃቸው ማታ ማታ አንድ ገጽ ሀ እንዲጽፍ አዘዙ። ጥቅምት ሲገባ ልጁ በየጧቱ ሆዴን ያመኛል ማለት ጀመረ። ሐኪም አየው፤ በሽታ አልተገኘበትም። በመጨረሻ ለአያቱ ብቻ «እኔ እኮ አልችልም፤ ደንቆሮ ነኝ» አላቸው። አያቲቱም ነገሩን ለልጃቸው በግልጥ ነገሯቸው፤ ደብተሩም ከቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ በእርሱ ፈንታ አባትየው ማታ ማታ ተረት እንዲነግሩ ተፈረደባቸው። የሆድ ሕመሙ በጥቂት ቀን ተወ። በታኅሣሥ ልጁ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል አዲስ በተቀባው ግድግዳ ላይ በከሰል ጽፎ ተገኘ፤ አባትዮውም ይቈጡ ወይም ይደሰቱ እንደ ሆነ ለጊዜው አላወቁትም ነበር።

ስለ ቋንቋም አንድ ቃል እንጨምር። በአንዳንድ ቤት ለትምህርቱ ይረዳዋል ተብሎ ሕፃኑን በእንግሊዝኛ ብቻ ማነጋገር ተጀምሯል፤ የሚያነጋግሩትም ሰዎች ቋንቋውን እንደ ምንም የሚያውቁ ናቸው። ከዚህ የተነሣ ልጁ በሁለቱም ወገን የተሟላ ነገር መናገር አቅቶት በክፍል ዝም ብሎ ይቀመጣል። የ1986ቱ ፖሊሲ የመጀመሪያ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን የደነገገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ተረቱን፤ ቧልቱን፤ ኩርፊያውን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በሌላ የእናቱ ቋንቋ አሟልቶ የሚናገር ልጅ ሁለተኛውን ቋንቋ የሚያሳርፍበት መሠረት አለው።

ልጁ ወደ ቤት ሲመለስ «ዛሬ ምን ተማርህ?» ቢባል «ምንም» ይላል፤ ዋሽቶ አይደለም፤ ጭቃ ማቡካትን ትምህርት ብሎ አያውቀውም። «ምሳህን ከማን ጎን በላህ? ዛሬ የቀረው ማን ነበረ? ተረቱ ስለ ጅብ ነበር ወይስ ስለ ጦጣ?» ቢሉት ግን ጨርቁን እያወለቀ ሳይጨርስ ይተርካል። ሊወስደው የሚሄደውም ሰው በጧት የተባለው ሰው ራሱ ይሁን፤ ሥራ ቢገጥምና ሌላ ሰው መላክ ግድ ቢሆን፤ ለመምህርቲቱ አስቀድሞ ተነግሮ እርሳቸው ለልጁ ይንገሩት። በሩ ላይ ቆሞ ሌሎች ሁሉ ሲወሰዱ ብቻውን የሚቀር ሕፃን ያችን ሩብ ሰዓት እስከ ማግሥቱ ጧት አይረሳትም።

በሚመጣው ሳምንት፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፤ ስለ ሕፃናት የቀን እንቅልፍ እንጽፋለን።