ዘንጉስ ጸዳ፣ ጠጪውስ?

በአሜሪካ ኮሎይዳል ብር፣ ማለትም ደቃቅ የብር ቅንጣት የተበተነበት ውኃ፣ መድኃኒት ነው ብለው ሊጠጡት ቤታቸው ውስጥ የሚያዘጋጁ ሰዎች አጥብቀው ከሚጨነቁባቸው ነገሮች አንዱ የብር ዘንጎቻቸው ንጽሕና ነው። ሁለት ዘንጎች ዲስትልድ ውኃ ውስጥ ቆመው ከባትሪ ጋር ሲገናኙ፣ ከአዎንታዊው ዘንግ ብር እየሟሟ ይወጣል። እዚያው ላይ ጥቁር የብር ኦክሳይድ ይይዛል፤ አሉታዊውም ግራጫ፣ ጥጥ መሳይ ነገር ያበቅላል። ስለዚህ ዘንጎቹን እያወጡ ይጠርጓቸዋል፣ የባትሪውን ጫፍ ያቀያይራሉ። የብር ማወልወያ ቅባት አያስጠጉም፤ ቅሪቱ ውኃው ውስጥ ይገባልና። በሙያነቱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠብቀው ዘንጉን እንጂ ጠጪውን አይደለም ባይ ነኝ።

ከዘንጉ ላይ የሚጠረገው እድፍ በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ቆሻሻ ሳይሆን ብሩ ራሱ ነው። በፋራዳይ ሕግ ስናሰላው፣ 1 ሚሊአምፔር በ1 ሰዓት 4 ሚሊግራም ያህል ብር ያሟሟል። ከዚህ ስንቱ ውኃው ውስጥ ቀረ፣ ስንቱ ተመልሶ ዘንግ ላይ ተለጠፈ የሚለውን ወጥ ቤት ውስጥ በትክክል መለካት ያስቸግራል። አራቱም ሚሊግራም ግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ ቀረ እንበል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለሚዋጥ ብር ያስቀመጠው ልክ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 0.35 ሚሊግራም ስለሆነ፣ 45 ሚሊሊትር ያህል ሲጠጣ ልኩ ደረሰ ማለት ነው፤ ከአንድ ሲኒ ቡና ያነሰ። ዘንጉ በጸዳ ቁጥር ደግሞ ብሩ ይበልጥ ሳይስተጓጎል ይወጣል።

«ቆዳ የሚያጠቁረው ያልተጣራ ብር ነው፤ 999 (ከሺህ 999 እጅ ንጹሕ) ከሆነ አይጎዳም» የሚሉ አሉ። የብሩ ጥራት ከንቱ ነገር ነው አልልም። ጌጥ ሠሪዎቻችን ሲያቀልጡት የኖሩት የማርያ ቴሬዛ ብር 83 ከመቶ ገደማ ብቻ ብር፣ ቀሪው በአመዛኙ መዳብ ነውና፣ ከእርሱ የተሠራ ዘንግ መዳብም ያጠጣል። አርጊሪያ የተባለውን የቆዳ መጥቆር የሚያመጣው ግን ብሩ ራሱ ነው። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ቆዳ ሥር የተቀመጠውን ብር ብርሃን ያጠቁረዋል፤ የድሮ የፎቶግራፍ ፊልም የሚሠራበት መንገድም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ለሴኔት የተወዳደረው ስታን ጆንስ፣ 2000 ሲገባ ይመጣል የተባለው የኮምፒውተር ቀውስ መድኃኒት ያሳጣኛል ብሎ ከ1999 ጀምሮ ቤቱ ያዘጋጀውን ብር ሲጠጣ ቆዳው ወደ ሰማያዊ ግራጫ ተለወጠ። ይህ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ አይለቅም።

ሌላው መከራከሪያ ጠንከር ይላል፤ ብር ተሕዋስያንን ይገድላል፣ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ ጀምሮ የሕፃናትን ዓይን ከጨብጥ ያዳነው የሐኪሙ የክሬዴ ጠብታ የብር ናይትሬት ነበር፤ የብር ሰልፋዳያዚን ቅባትም ለቃጠሎ ቁስል ውሏል። ሁለቱም ግን ላይ ላዩን የሚደረጉ ናቸው። ቁስል ላይ የተቀባ ነገር ስለሠራ ሲዋጥም ይሠራል ማለት አይቻልም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ1999 ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የኮሎይዳል ብር መድኃኒቶች ደኅንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም ተቀባይነት ያገኘ አይደለም ሲል ደንብ አውጥቷል።

«ገላው የእኔ ነው» የሚለው ይቀራል። መብቱን አልነፍግም። ይሁንና ብር አንዳንድ አንቲባዮቲኮችና የእንቅርት መድኃኒቱ ታይሮክሲን ወደ ሰውነት እንዳይገቡ ሊያደናቅፍ ይችላል። ታካሚው ብር እንደሚጠጣ ካልተናገረ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ሊጨምርበት ይችላል።