ሩጣንኛ ችሎታ ነው እንዴ?

ሰሞኑን አሶሳ ውስጥ ለኮሌጅ ተማሪዎች የተዘጋጀ የሙያ ምክር ላይ ተቀምጬ ነበር። ተናጋሪው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ሁለት ሰዓት የቆመ ሰው ነው። በአሶሳ ሙቀት ኮት አለማውለቅ ራሱ አንድ ሙያ ነው።

«ፍላጎታችሁን ተከተሉ» አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት ከሚያመነጨው የጉባው ግድብ ጀመረ፤ በኩርሙክ ወርቅ አልፎ በማንጎ ጨረሰ። ሀብት ላይ ተቀምጣችኋል ሲል ተጨበጨበለት።

ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ዲፓርትመንት የሚደርሰን በነጥብ ነው። እኔ አራተኛ ምርጫዬ ነው የደረሰኝ። የትኛውን ፍላጎቴን ልከተል?»

አዳራሹ ሳቀ። ተናጋሪውም «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ ወደ ሌላ ጠያቂ ዞረ።

ልጁ ግን እየቀለደ አልነበረም። 70 በመቶው ተፈጥሮ ሳይንስ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ በሚመደብበት በ70 በ30 ድልድል ዘመን ስንቱ ታሪክ ወዳድ ምህንድስና ገብቶ ቀርቷል። ኋላ ደግሞ ማለፉ ራሱ ጭንቅ ሆነ፤ የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ተንገዋልሎ የደረሰን ልጅ ምን መሆን ትፈልጋለህ ማለት ምን ይረባዋል? በደረሰው ትምህርት ምን እንደሚሠራበት የሚያወጋው ሰው ነው የጠፋው። ሆሞሻ ወረዳ ዓመታት የሠራች አንዲት ነርስ ብትጠራ ኖሮ፣ የሌሊት ተረኛነቱን፣ ደመወዙ ስንት ቀን እንደሚያዘልቅ፣ ምኑ እንደሚያስደስታት ትነግራቸው ነበር። ያውም ያለ አውሮፕላን ቲኬት።

ከፊት ወንበር ከጾሬ መጠለያ የመጡ ሁለት ሱዳናውያን ወጣቶች ተቀምጠው ነበር። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኞች የመሥራት መብት እንደሚሰጥ፣ ሁኔታዎቹም ምን ምን እንደሆኑ አንድ ቃል አልሰሙም። ስለ ሲቪ አጻጻፍ ግን ብዙ ሰምተዋል።

በመጨረሻ «ያላችሁን ችሎታ ዘርዝሩ» የሚል ወረቀት ታደለ። አጠገቤ የነበረችው የነርሲንግ ተማሪ እስክሪብቶዋን ስትነክስ ቆይታ «ኮምፒውተር በመጠኑ» ብላ ጻፈች። ቀጥሎም «እንግሊዝኛ» ብላ ሰረዘችው። ስንወጣ አወራን። የሆሞሻ ልጅ ናት፤ ቤቷ የበርታዎች ቋንቋ ሩጣንኛ፣ ገበያ ዓረብኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ።

ቋንቋዎቿን ስትቆጥርልኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በአንድ ወቅት፣ የት እንደሆነ ልተወውና፣ አንዲት ድንበር ተሻግራ የመጣች እናት ስትታከም አይቻለሁ። አስተርጓሚዋ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጇ ነበር። ሐኪሙ ደም ይፈስሽ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ልጁ መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። እናትየውም የጥያቄውን ዓይነት ከፊቱ ሳታነብ አልቀረችም፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ሐኪሙ ጥቂት ጠብቆ ስለ ራስ ምታት ጠየቀ።

ይህን ለተማሪዋ ነገርኳትና ቋንቋዎቹን ለምን ወረቀቱ ላይ እንዳልጻፈች ጠየቅኋት።

«ውይ ጋሼ፣ እሱ ደግሞ ችሎታ ነው እንዴ? እናቴም እኮ ታወራዋለች።»